ዳኛ የተባለው ማሽን

ከቡድኑ ያስወጣኝ አንድ ቡናማ ሳጥን ነው። ሳጥኑን ያመጣው የቼዝ ክበባችን ሰብሳቢ ነበር፤ ስለዚህ ቂሜን ለሁለቱም እኩል አካፈልኩት። አሁን ሳስበው ሳጥኑ ምን ያድርግ፣ ዕቃ ነው። ያኔ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱን በጥርሴ ብበጥሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ክበቡ የሚሰበሰበው ከዶሮ ማነቂያ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር ይሉታል። ከተወረሰ በኋላ አግዳሚ ወንበር ተደረደረበት፣ ግድግዳው ላይ መፈክር ተጻፈበት፤ የበርበሬ ሽታው ግን ዛሬም አለቀቀውም። ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ነው። አመሻሹ ላይ የውይይት ክበቡ ይረከበናል፣ እኛም የቼዝ ጠጠራችንን ሰብስበን እንወጣለን።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ጠዋት ጠዋት አትክልት ተራ እናቴን አግዛለሁ፤ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እለያለሁ፣ ከተሸካሚዎች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ቁጭ ማለት ደግሞ አልወድም፤ እናቴ «ከስርሽ እሳት ያለ ይመስል» ትለኛለች። ቁጭ ብዬ የምሠራው ነገር ቢኖር ቼዝ ነው፤ እሱንም እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ፊቴ የተቀመጠውን ሰው እያናደድኩ።

ያን ክረምት ከክበባችን አራት ሰው ተመርጦ ለከተማው ውድድር ሊላክ ነበር። ሦስቱ ቦታ አለቀ። አራተኛው ለእኔ ወይም ለሰብሳቢው ሆነ። ሰብሳቢው ከእኔ በፊት ከዚያው ትምህርት ቤት የጨረሰ፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ተወዳዳሪም እሱ፣ አዘጋጅም እሱ፣ ሰዓት ያዡም እሱ። ቦታውን በአንድ ጨዋታ እንለያለን ተባለና ተቀመጥን። እኔ ነጭ፣ እሱ ጥቁር።

ጨዋታው ሲጦዝ የውይይት ክበቡ ሰው ቁልፉን እያቃጨለ በሩ ላይ ቆመ። «ጓዶች፣ ሰዓት!» አለ። በእኛ ልማድ ያላለቀ ጨዋታ አይደገምም፤ ጠጠሩ ባለበት ሆኖ ለሦስተኛ ሰው ይታይና ማን እንደሚያሸንፍ ሦስተኛው ሰው ይፈርዳል። ሁልጊዜ የሚፈርዱት አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዳር የሚቀመጡ። እንደ ልማዳችን ወደ እሳቸው ዞርኩ። ሰብሳቢው ግን እጁን አነሳ።

«ጋሼን አናስቸግራቸውም» አለ። «ከእንግዲህ ዳኛ ሰው አይሆንም። ሰው ዘመድ አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ያዳላል። ሳይንስ አያዳላም!»

ማጨብጨብ ልማድ ስለነበር ተጨበጨበ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አገላብጠው አዩ።

ያኔ ነው ሳጥኑ ከላስቲኩ የወጣው። የእህቱ ባል ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ቼዝ የሚጫወት ማሽን ነው። ሰሌዳው ላይ ጠጠሩን ጫን ሲያደርጉት «ጢጥ» ይላል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ የራሱን መልስ በጫፉ ባሉት ቀያይ መብራቶች ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ነገር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ሰዉ ተንጋግቶ ከበበው። ሰብሳቢው የጨዋታችንን አቀማመጥ አንድ በአንድ ሞላበት። አንድም ሰው ዓይኑን ሰሌዳው ላይ አላደረገም፤ ሁሉም የሚያየው መብራቱን ነው። ጢጥ፣ ጢጥ። ማሽኑ የእኔንም የእሱንም ተጫወተ፣ መጨረሻ ላይ የነጩን ንጉሥ መውጫ አሳጥቶ ማት አደረገው። የእኔን ንጉሥ።

«ጥቁር አሸንፏል» አለ ሰብሳቢው፣ እንደ ዜና አንባቢ።

«እኔ ነበርኩ የማሸንፈው» አልኩ።

«በምን?»

በምን እንደሆነ አላውቅም። ወታደሬ ዳር ሊደርስ አንድ ቤት ቀርቶታል፤ ንግሥት ባደርገው ግን እሱ ቀድሞ ማት ያደርገኛል፣ ያንን አይቼዋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር እንዳለ ሆዴ ይነግረኝ ነበር።

«በምን እንደሆነ አላውቅም። አሸንፍ ነበር።»

«እቴ፣ ማሽኑ ያላየውን አንቺ በዚያ በሽንኩርት ባለቀ ዓይንሽ አየሽው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አብረውኝ የተማሩት ሳቁ። ጠዋት እናቴ ጋ ሽንኩርት የሚሸምተው ሰውዬ እንኳ ሳቀ። እኔ ጠጠሬን እየለቀምኩ፣ ይህን ሳቅ አንድ ቀን ባለቤቱ አፍ ውስጥ መልሼ እከተዋለሁ አልኩ። ስፈራ እለፈልፋለሁ፣ ስናደድ ግን በጣም ዝም እላለሁ። ያን ቀን ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

ለእናቴ ስነግራት ድንቹን መለየቷን አላቆመችም።

«ተይው» አለች። «ልጁ የቀበሌ ሱቅ ኮሚቴ ነው። ስኳራችንም ሳሙናችንም በእሱ እጅ ነው። በድንጋይ መጫወቻ ከሰው ትጣያለሽ?»

«ድንጋይ አይደለም፣ እንጨት ነው።»

«በእንጨትም ቢሆን!»

ስም ዝርዝሩ የሚላከው ክረምቱ ሲያልቅ ነበር። እስከዚያ አንድ ነገር ማድረግ እችላለሁ። ሰውየውን መንካት አይቻልም፤ ማሽኑ ግን የኮሚቴ አባል አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው በተሰበሰበበት ተነሳሁ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ተማሪ ይፈተናል፣ ሾፌር ይፈተናል። ዳኛው ለምን አይፈተንም?»

ደስ አለው። የሚኮራበት ነገር ተገኘለት። «ፈትኚው እንጂ! ሳይንስ ፈተና አይፈራም» አለ፣ ማሽኑንም ራሱ ሰካልኝ።

ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ የሚያነጥፉት ዘንድ የሩስያ የቼዝ መጽሔት እንደ ልብ ነበር። ቋንቋውን የሚያነበው ስለሌለ ወረቀቱ ለቆሎ መጠቅለያ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ሥዕሉን ነው፤ በየገጹ እንቆቅልሽ የሆነ አቀማመጥ አለ፣ ነጭ ይጫወትና ያሸንፋል የሚል። መልሱ ከኋላ ነው። ጽሑፉ ባይገባኝም የቤቶቹን ቁጥርና ለየጠጠሩ የቆመውን ፊደል ለመድኩት። አትክልት ተራ ሽንኩርቱ መሃል ገልጬ እሠራዋለሁ፤ ደንበኛ ሲጠራኝ «ቆይ፣ ንግሥቴን ልሰዋ ነው» እላለሁ፤ እናቴ ታማትባለች።

የመጀመሪያው ፈተና እኔን አዋረደኝ። የመረጥኩት ዓይን የሚስበውን ነበር፤ ንግሥት ተሰጥታ በፈረስ ማት የሚሆነውን፣ እኔ ሁለት ጠዋት የጨረስኩበትን። ማሽኑ እጄን ከጠጠሩ ሳላነሳ ጢጥ አለ። ሌላ አቀረብኩ፣ ጢጥ። ሌላ፣ ጢጥ።

«ኧረ ልጅት፣ ከበድ ያለ አምጪ፣ እንቅልፍ ወሰደው!» አለ አንዱ ከዳር።

«ሽንኩርት አቅርቢለት፣ ምናልባት ያለቅስ ይሆናል!» አለ ሰብሳቢው። ሳቁ እንደገና ተነሳ። ይህኛውንም ሳቅ ለበቀሌ ቀን አስቀመጥኩት።

እቤት ገብቼ እንደ ሌባ አሰብኩ። ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት ባለቤቱ የት የት እንደማያይ ያጠናል። ይህ ሳጥን ቅርብ ያለውን እንደ ጭልፊት ያያል፤ ሩቅ ያለውንስ? ስለዚህ ማት ያለበትን ትቼ ማጥመጃ ያለበትን መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ወታደር ይሰጠዋል፣ ይበላል። ፈረስ ይሰጠዋል፣ ይበላል። ግንብ ይሰጠዋል፣ ሳይጠራ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው አንድም ሳያሳልፍ ይበላል፤ እሱ ሲያግበሰብስ ንጉሡ ቀስ እያለ ይከበባል፣ ሲነቃም በሩ ሁሉ ተዘግቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እነዚህን አቀረብኩለት። በላ። በላ። ከዚያ መብራቱ ቆመና ረጅም ጊዜ አሰበ፤ የሞተ ንጉሡን ይዞ ነበር የሚያስበው።

«ሆዳም ነው!» አለ ያው ከዳር የሚጮኸው። ሳቁ አቅጣጫ ሲቀይር በጆሮዬ ሰማሁት።

«ደረጃው ዝቅ ብሎ ነው» አለ ሰብሳቢው ቀላ ብሎ፣ የማሽኑን የደረጃ ቁልፍም ከፍ አደረገው። ከፍ ሲል ደግሞ ማሰቡ አያልቅም። ሰዉ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ፣ ማሽኑ ገና ያስባል። መልሱ ደረሰ ስንል መብራት ሄደ። ሲመጣ ሁሉንም ረስቷል።

«ዳኛው ችሎቱን በትኖ ሄደ!»

ያን ቀን የበቀል ጥሜን ትንሽ ቆረጥኩ፣ ግን አልረካሁም። ሆዳም መባሉ ቦታዬን አይመልስልኝም። ሰብሳቢው እየሳቀ «ማንም ይሳሳታል» ብሎ ያልፋል። እኔ የፈለግኩት ማለፊያ የሌለውን ነው።

ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። በሌላ ቅዳሜ ሰዉ በየራሱ ጨዋታ ተጠምዶ ሳለ፣ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበው አንድ እንቆቅልሽ አስቀመጥኩለት፤ መልሱ ላይ ወታደሩ ዳር ሲደርስ የተጻፈው ፊደል የንግሥት አልነበረም፣ የፈረስ ነበር። ወታደር ዳር ደርሶ ንግሥት ላለመሆን መምረጥ እንደሚችል ማንም ጀማሪ ያውቃል፤ ማንም ግን አይመርጥም፣ ንግሥት ተትቶ ፈረስ ማን ይወስዳል። ወታደሩን ዳር ላይ ጫን አደረግኩት። ጢጥ። እኔ ፈረሱን ሳላነሳ ማሽኑ ንግሥት ብሎ መዝግቦ መልሱን ሰጠ። መለስኩና የፈረስ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ጫንኩ። እምቢ። እንደገና ጫንኩ። እምቢ። ፈረሱን በግድ ቤቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ማሽኑ ግን ንግሥት እንዳለች አድርጎ መጫወቱን ቀጠለ።

ይህ ሳጥን ፈረስ የሚሆን ወታደር በዓለም ላይ አለ ብሎ አያውቅም።

ወዲያው የራሴ ወታደር ትዝ አለኝ፤ አንድ ቤት የቀረው። ንግሥት ባደርገው ማት እሆናለሁ። ፈረስ ባደርገውስ?  ፈረስ ከሆነ የሰብሳቢውን ንጉሥ ቼክ ይለዋል፣ ከዚያው ቤት ደግሞ ንግሥቱንም ይይዛል። ንጉሡ ይሸሻል፣ ንግሥቱን እበላለሁ፣ ጨዋታው የእኔ ነው። ሆዴ የነገረኝ ይህን ነበር። ሽንት ቤት የምሄድ አስመስዬ ወጣሁና ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያኔውኑ ገብቼ መናገር እችል ነበር። ብናገር «እሺ፣ ማሽኑ ጉድለት አለበት፣ ጋሼ ይዩልን» ይልና ክብሩን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አፌን ያዝኩ፤ ለእኔ ያ ከጾም ይበልጣል። ቅዳሜ ሲደርስ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ተሸነፍኩ» አልኩ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ፈተንኩት፣ ፈተንኩት፣ አቃተኝ። ከእንግዲህ የማሽኑን ፍርድ እቀበላለሁ። አንተስ?»

«እኔማ ድሮም!»

«ይሳሳታል የሚሉ አሉ።»

«ፋራዎች ናቸው። ሆዳም ነው ቢሉት እንኳ ሕግ አይስትም።»

«የማሽኑ ቃል ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው አልኩሽ፣ ምን ታደርቂኛለሽ!»

«እንግዲያው ያን ጨዋታ ከእሱ ጋር ልጨርሰው። ማት ሲያደርገኝ በዓይኔ አይቼ ልረፍ።»

ፊቱ በራ። አቀማመጡን ራሱ ደረደረው፤ አንድም አልረሳም፣ ያሸነፈበት ነዋ። ሰዉ ወንበሩ ላይ ቆሞ ያያል። ወታደሬን ዳር ላይ ጫን አደረግኩ። ጢጥ። ቀስ ብዬ ወታደሩን አነሳሁና በቦታው ፈረስ አቆምኩ። ማሽኑ ሳያቅማማ የተለመደውን መልሱን አበራ፤ ማት ሊያደርገኝ።

ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ከዳር ያለው ጮኸ፦ «ቆይ! ቆይ! የራሱ ንጉሥ ቼክ ላይ ነው! ንጉሡን ጥሎ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ንግሥት አድርጊ!» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልፈልግም።»

«ፈረስ አይቻልም!»

«ለምን?»

«ማሽኑ አይቀበልማ!»

ጋሼ፣ ያን ሁሉ ሳምንት አንድ ቃል ያልተናገሩት ሰው፣ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ተነሱ። ረጋ ብለው፦ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወታደር ዳር ሲደርስ ፈረስ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» አሉት።

ሰብሳቢው ማሽኑንና ጋሼን አፈራርቆ አየ። ይሆናል ቢል ቦታው ሄደ። አይሆንም ቢል የቼዝ ክበብ ሰብሳቢ ቼዝ አያውቅም። በሩን በሁለት በኩል የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ቆሜ አየሁት፣ አልቸኮልኩም።

«በ... በዘመናዊው አሠራር» አለ፣ «አይሆንም።»

«እንዴ!» አለ አንዱ ጀማሪ። «ይሆናል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት የውይይት ክበቡ ሰዎች መንገድ ላይ ሰምተው ሮጠው መጡ፤ ብጥብጥ መስሏቸው ነበር። ጋሼ «ማሽኑ ካልቻለ አንተ ተቀመጥለት» አሉት። ተቀመጠ። ንጉሡን አሸሸ፤ ሌላ የሚያደርገው የለም። ንግሥቱን በላሁና ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ አቆምኳት፣ ከጥግ አልጣልኳትም፣ እንዲያያት። ትንሽ ቆይቶ ንጉሡን አጋደመ። ማሽኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ሲወጣ ገመዱ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር።

«ገመድህን ሰብስብ፣ ትወድቃለህ» አልኩት።

የእኔ ስም በእሱ ስም ቦታ ገባ። ማለቅ የነበረበት እዚያ ነው ይላሉ ሰዎች። በእኔ በኩል አላለቀም። ሰኞ ዕለት በቢሮ መውጫ ሰዓት ከአንድ ካፌ ባንኮኒ ጋ ቆሜ ሲያልፍ አየሁትና «ጢጥ!» አልኩ። በቃ። አራዳ ነው ይሄ፣ አንድ ቃል መች በአንድ አፍ ይቀራል። ሊስትሮው «ጢጥ!» አለው፣ የታክሲ ረዳቱ «ጢጥ!» አለው፣ ዶሮ ማነቂያ ቁልቁል ሲወርድ ከየበሩ «ጢጥ! ጢጥ!» ነው። ሰው ሰላም ሊለው እጁን ከዘረጋ በኋላ እንኳ መጀመሪያ ትከሻውን በጣቱ ጫን ያደርገው ነበር።

እሱም ዝም አላለም። የስኳር ዕለት እናቴ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ «አልቋል» ተባለች። ከእሷ ኋላ ላለችው ሴትዮ አላለቀም። እናቴ ባዶ ከረጢቷን ይዛ መጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ይኸው ስኳርሽ! ጠጪ!»

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ መጣ። ጋሼና ሌሎች ሁለት አባቶች። እሱ ነው የላካቸው። እናቴ ያላትን ሁሉ አቀረበች፤ እኔ በር ሥር ቆምኩ።

«ልጃችን» አሉ ጋሼ፣ «ጥፋቱን አምኗል። ስኳሩም ይመለሳል፣ ተነጋግረናል። አንቺ ደግሞ ይህን ጢጥ ጢጥ አስቁሚ። መንገድ መሄድ አልቻለም። ይበቃዋል።»

«እሱን ይበቃዋል ጋሼ። እኔን አልበቃኝም።»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሽማግሌ እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። አንደኛው አባት ሻሽ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «እንግዲያ ምን ይሁንልሽ?» አሉ።

ለካ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የከተማው ውድድር ላይ ተመልካቹ እንዲያይ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ተጫዋቹ ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ሰው በርጩማ ላይ ቆሞ የዚያን ጠጠር ሥዕል ከቤት ወደ ቤት ያዛውራል። መናገር የለም፣ መቀመጥ የለም።

«የእኔን ጨዋታ እሱ ይስቀልልኝ» አልኩ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

 ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ሰው ነሽ አንቺ?» አሉኝ። ቢሆንም ወስደው ነገሩት፣ እሱም እሺ አለ። ጢጡ ከብዶታል።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እሱ በርጩማው ላይ ወጥቶ በረጅም ዘንግ ሥዕሎቹን ይሰቅላል፣ ሸሚዙ እንደ ወትሮው እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከፊቴ ያለችው ልጅ ጎበዝ ነበረች፣ ግን እሷን ብዙም አላሰብኳትም። ጨዋታው መሃል ላይ አንድ ጠጠሬን የማይገባ ቤት ላይ ሰቀለው። ተመልካቹ አጉረመረመ። እጄን አነሳሁ።

«ዳኛ፣ ግድግዳው ተሳስቷል።»

ዳኛው በጣቱ ጠቆመው። ዞረ፣ ዘንጉን አነሳ፣ ፈልጎ አስተካከለው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ ነበር፣ እግሩም በርጩማው ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ተራው የእኔ ነበር። የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፤ ልጅቷ ሳትጫወት በፊት ነው ያወቅኩት። ሰዓቴ ይሄዳል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ግን እሱ ከበርጩማው አይወርድም።

እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።